ለየራስ ምላጭ

ከቀሃ ማዶ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ፣
አርባ ምላጭ በዘንቢል ሸክፌ፣ ማልጄ፣
ጸበሉ ደጅ ደረስሁ።
ሰዉ ተሰልፏል፤ ጄሪካኑም ተሰልፏል፣
ቢጫው ከቢጫው ጋር እንደ ዘመድ ተደጋግፏል።
አባ ጸዳሉ ቀና አሉ፦
«መጣሽ ደግሞ፣ አንቺ የክኒን ሴትዮ?»
«መጣሁ አባቴ። አስቀድመው ያሳልሙኝ።»
አሳለሙኝ። የመስቀሉ ብርድ ግንባሬ ላይ ቀረ።

ይህን ቦታ አውቀዋለሁ።
የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ እዚያች ድንጋይ ላይ ተኝቼ፣
ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ፣ ተላጭቼ፣
«ወይ አድነኝ ወይ ውሰደኝ» ብዬ የለመንሁበት፣
አንድ ምላጭ ነበር አሥራ ሦስት ሴት የተላጨንበት።
ደሙን በቅጠል ጠርገን
ለቀጣይዋ አቀብለን።
ማን ያስብ? ሁላችንም ያሰብነው ንስሐ ነው።
ምላጭ ግን ንስሐ አይገባም።

ዛሬ ዳኘው አለ፣ ከሰልፉ ጭራ።
ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ በጥቅምት ተመለሰ፤
ያገኘውን ብር ሳይቆጥረው ጨረሰ፤
ሌላ ያገኘውን ነርሷ ነገረችው።
ሦስት ወር ዋጠ። አንዱ «እምነትህ ጎደለ» ቢለው
ብልቃጡን ከነፍሬው ለቀሃ ሰጠው።
ቀሃ ምን ሕመም አለባት? ክኒን ምን ያደርግላታል?

አልገሠጽሁትም።
ከጎኑ ተቀመጥሁ፤ ዳቦ ቆርሼ ዘረጋሁለት።
«እስክጠመቅ እጾማለሁ» አለኝ።
ዳቦውን መለስሁት። እኔም አልቀመስሁም።
ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ ቀዳዳ አለ።
«ስንተኛው ነው?» አልሁት።
«ሦስተኛው።»

አባ ዘንድ ሄድሁ፦
«ሱባኤውን ይጨርስ፤ እኔ አልከለክለውም፤
ማታ ሁለት ሰዓት ይዋጥ ብቻ፤ ጸበሉ አይቀየመውም።»
አባ ዝም አሉ። ጢማቸውን በጣታቸው ለያዩት።
አምና በዚሁ ነገር ተጣልተን፣
አርባ ቀን ሙሉ ተኳርፈን፣
በዚያው መካከል ነው ያምሮት የሞተችው።
ገላዋን እኔ አጠብሁ፤ ፍትሐቷን እርሳቸው ደረሱ።
«ብዬ ነበር» ያለ የለም።
ከመቃብሩ ስንመለስ በአንድ ጃንጥላ ነው የመጣነው።

አባ ከቀሚሳቸው ኪስ የተጨማደደ ፌስታል አወጡ፤
ዳኘው ፊት ዘረገፉት።
«ይህ የግፊቴ ነው። ስድስት ዓመት በዚሁ ውሃ ነው የምውጠው።
ማን እምነትህ ጎደለ አለኝ? ወይስ አንተ ከእኔ ትጸድቃለህ?»
ሰልፉ ሳቀ።
ዳኘው አልሳቀም፤ አንዷን ፍሬ አንስቶ
እንደ ሰሊጥ በመዳፉ አገላበጣት፤
መልሶ ሰጣቸው።
ከጤና ጣቢያ የያዝሁለትን አዲስ ብልቃጥ
ሳያየኝ ተቀበለኝ፤ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ምላጩን ማደል ጀመርን።
እኛ ሰፈር ማዋስ ጽድቅ ነው፤
ጨው ይዋሳል፣ እሳት ይዋሳል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ይዋሳል፤
«አላውስም» ያለ ሰው ቀብሩ ላይ ማን ይደርሳል?
አባ ግን መቋሚያቸውን አንስተው ጮኹ፦
«ለየራስ! ለየራስ ነው! ራስ ያለው ሁሉ ይውሰድ!
አያውስም፣ አይዋስም፣ የወንድሙን ራስ የሚወድ!»
አንዲት አሮጊት ሁለት ወሰዱ።
«ምነው እማማ?»
«አንዱ ለጥፍሬ ነዋ፤ ጥፍሬ ራስ የለውም?»
ሰጠኋቸው። ምን ልበል።

ማታ ሁለት ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ የእኔን ዋጥሁ።
ብርጭቆውን ሳላስቀምጥ ደግሞ ጮኸ። ዳኘው ነው።
«በጸበል ነው ወይስ በቧንቧ ውሃ?»
«ባለህ» አልሁት።
ዝም አለ። ከጀርባው ውሻ ይጮሃል፣
ሬዲዮ የሚያንጎራጉር ጎረቤት ይሰማል።
የጉሮሮውን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤
ምራቁንም ሊሆን ይችላል የዋጠው።
ስልኩን ዘጋ።

ቀበቶውን ቅዳሜ አየዋለሁ።